ሊቀ ድራይቨርና ሰማያዊዋ ላም

በየቤተሰቡ ደህና የሚሠራ ዕቃ ሲያይ እንቅልፍ የሚያጣ አንድ ሰው አለ። የተበላሸ ነገር ብዙም አያሳስበውም፤ የተበላሸማ ተበላሽቷል። እሱን የሚያንገበግበው ማንንም ሳያስቸግር ድምፁን አጥፍቶ በሰላም የሚሠራው ነው። ድሮ እንዲህ ያለው ሰው ሬዲዮ ይፈታ ነበር። ፈትቶም ይገጥማል፤ ሲገጥም ግን ሁልጊዜ አንድ ሁለት ብሎን ይተርፈዋል። የተረፈውን በመዳፉ ላይ እያንከባለለ፣ «ይኼ መጀመሪያም አያስፈልግም ነበር» ይላል። ሬዲዮው ከዚያ በኋላ አይናገርም። የዛሬው ሰው ግን ብሎን አይተርፈውም። የዛሬው ሊኑክስ ይጭናል።

ሊኑክስ፣ ለማያውቅ፣ ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ነው። ብዙ ቅን ሰዎች በነፃ ሠርተው በነፃ ያድሉታል። በሐሜት እንዳይቆጠርብን፣ ግሩም ነገር ነው። ያለበት አንድ ጉድለት ቢኖር የሚጭኑልን ዘመዶቻችን ናቸው።

ይህ ታሪክ የደረሰባት ሴት ሠዓሊ ናት። ለልጆች መጻሕፍት ሥዕል ትሠራለች፤ ቀድሞ በብሩሽ፣ አሁን በኮምፒውተር። ከእናትና ከአባቷ ጋር ትኖራለች፤ ከመኝታ ቤቷ ጠረጴዛ ፊት ለፊት አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱም ማዶ የጎረቤት የታጠበ ልብስ ይታያታል። ሥራዋ ዝምታ ይፈልጋል። እግዜር ግን ዝምታውን ሰጥቶ ከዝምታው ጋር አንድ ታናሽ ወንድም መረቀላት።

ወንድምየው ሌላ ሰፈር ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ሙያው የሊፍት ጥገና ነው። በሥራው ጠንቃቃ ነው ይባላል፤ ሊፍት ላይ ሊኑክስ አይጫንማ! ቅዳሜና እሁድ ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። «ሊቀ ድራይቨር» የሚለውን ማዕረግ የሰጡት አባትየው ናቸው። ዕድሜያቸውን በርእሰ መምህርነት ስላሳለፉ ማዕረግ መስጠት ያውቁበታል፤ ሲሰጡም ቆመው ነው።

ድራይቨር ምንድነው? ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ግራፊክስ ካርድ የሚባል ሰሌዳ አለ፤ ስክሪኑ ላይ የምናየውን ሁሉ የሚስለው እሱ ነው። ካርዱና ሥርዓቱ ግን ቋንቋቸው ለየቅል ስለሆነ በመካከላቸው አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ያ አስተርጓሚ ድራይቨር ይባላል። አስተርጓሚው ያኮረፈ እንደሆነ ስክሪኑ ድርግም ይላል። ሊቁ ይህንን ለእናቱ ብዙ ጊዜ አስረድቷል። እናትየውም በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣

«እና ሾፌሩ ዛሬም ቀረ በለኛ» ይላሉ።

«ሾፌር አይደለም እማዬ፣ ድራይቨር!»

«እሱኑ ነው የምልህ። ሁልጊዜ የሚቀር ከሆነ ለምን ሌላ አትቀጥሩም?»

ሊቁ ሦስት ቃላት አሉት፤ በሦስቱ ዓለምን ይዞራል። ሲጀምር «ይኼማ ቀላል ነው» ይላል። መሐል ላይ፣ ላቡ ሲንቆረቆር፣ «አንዴ ሪስታርት እናድርገው» ይላል። ሲጨርስ፣ ማለትም ሳይጨርስ ሲቀር፣ «ጥፋቱ የድራይቨሩ ነው» ይላል። የእሱ ጥፋት የሆነ ነገር እስካሁን በታሪክ አልተመዘገበም።

የመጀመሪያው ሰማዕት አባቱ ነበሩ። ርእሰ መምህሩ በጡረታ ዘመናቸው ከኮምፒውተር የሚፈልጉት ጋዜጣ ማንበብና ቼዝ መጫወት ብቻ ነበር። ሁለቱም ይሠሩ ነበር፤ ይኸው ነው ኃጢአታቸው። ሊቁ መጣ፣ «አባባ፣ ይኼ ሥርዓት እኮ ያረጀ ነው» አለ፣ ጫነ። በማግስቱ ርእሰ መምህሩ ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ ጋዜጣው በጎኑ ተኝቶ ጠበቃቸው። ስክሪኑ ዘጠና ዲግሪ ዞሯል። አንገታቸውን ወደ ግራ ጥለው ማንበብ ጀመሩ። ከጥቂት ቀን በኋላ መንገድ ላይም እንደዚያው ሆነው ይሄዱ ጀመር፤ ያገኛቸው ሁሉ «ጋሼ፣ ብርድ መታዎት እንዴ?» ይላቸዋል።

«ይኼማ ቀላል ነው» አለ ሊቁ ሲነገረው። አቃናው። ሲያቃናው ግን ፊደሉ ጉንዳን አከለ። ጉንዳኑን ላሳድግ ብሎ ደግሞ አንዱን ፊደል የስክሪኑን ያህል አደረገው። አባትየው መነጽራቸውን አውልቀው፣ ከወንበራቸው ሸርተት ብለው ተመለከቱና፣

«ዛሬ ‹ጠ›ን አየኋት» አሉ በረጋ ድምፅ። «እግዜር ካለ ነገ ‹ቅላይ› ትመጣለች። ‹ሚኒስትሩን› ግን በእኔ ዕድሜ የሚደረስባቸው አይመስለኝም።»

ሁለተኛው ወላጆቹ በሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት ያሉት ጥርስ ሐኪም ናቸው። እኚህ ደግ ሰው ሁለት ስክሪን ነበራቸው። አንዱ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሆኖ የሕመምተኛውን ጥርስ አጉልቶ ያሳያል። ሌላው ወረፋ መጠበቂያው ውስጥ ተሰቅሎ ዓሣ ያሳያል፤ ውሃ ውስጥ ሲዋኝ ማየት ፍርሃት ያበርዳል ተብሎ። ሊቁ ደረጃ ላይ አግኝቷቸው በሰላምታ መሐል አግባብቶ ጫነላቸው። በማግስቱ ሁለቱ ስክሪኖች ቦታ ተለዋወጡ። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ግድግዳው ላይ የበር ያህል ሆኖ የተከፈተ፣ ደም ያዘለ መንጋጋ መጣባቸው። አንዳንዱ ጃኬቱን ሳያነሣ ወጣ። ውስጥ ወንበሩ ላይ የተጋደመው ምስኪን ደግሞ አፉን እንደከፈተ ስክሪኑን አይቶ፣ «ዶክተር፣ የትኛው ዓሣ ነው የሚነቀለው?» አለ ይባላል። ሐኪሙ ከዚያ ወዲህ ሊቁን ከሩቅ ሲያዩ መንገድ ይሻገራሉ። ሊቁ ግን ችኩል ሰው ስለሆኑ ይመስለዋል።

የሊቁ አክስትም አንድ ጊዜ ትዳር ይይዝ ብለው ከአንዲት ነርስ ጋር አስተዋውቀውት ነበር። ልጅቱ «ትርፍ ጊዜህን በምን ታሳልፋለህ?» ብትለው፣ ምስል ሳይቆራረጥ እንዴት እንደሚንሸራተት ከነማስረጃው አብራራላት። ሻይዋን ሳትጨርስ ተሰናበተችው። ደግነቱ ላፕቶፕ አልያዘችም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ እያየች ያደገች እህት ኮምፒውተሯን አሳልፋ ትሰጣለች? አልሰጠችም። ብዙ ጊዜ ጸናች። በሩ ላይ «እታለም፣ እስቲ አንዴ ልየው» ባለ ቁጥር፣ «ሥዕሌን እንዳትነካ፣ በእናትህ!» ትለዋለች። እታለም የሚላት እሱ ነው፤ ታላቁ ናትና። ከዚያ ግን አሳታሚው ትልቅ ሥራ ሰጣት፤ ሙሉ መጽሐፍ፣ ስሟ ሽፋኑ ላይ ከደራሲው እኩል የሚጻፍበት። ከተማ ገብታ መንገድ የጠፋባት የአንዲት ላም ታሪክ ነው። ሥዕሎቹ ትልልቅ፣ የቀለሙ ድርብርብ ብዙ ሆነና አሮጌው ካርድ መተንፈስ አቃተው። አዲስ ካርድ ያስፈልጋታል። ካርድ የሚገጥምላት ሰው ደግሞ፣ ሊቁ አስቀድሞ እንደሚያውቀው፣ በቤተሰቡ ውስጥ አንድ ብቻ ነው።

መጣ። ፈታ። ገጠመ። ሊኑክስም ጫነ፤ «አዲስ ካርድ በአሮጌ ሥርዓት ነውር ነው» አለ። ስክሪኑ ጠቆረ። አንዴ ሪስታርት ተደረገ። እንደገና ጠቆረ። በጥቁሩ ላይ ነጫጭ ፊደላት መጡ፤ ሊቁ እንደ ደብተራ አጎንብሶ እያነበበ ትእዛዝ ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ ከሰው አገር የመጣ ምክር ከስልኩ ላይ እየገለበጠ ይሞክራል። ስንት ሰዓት እንደፈጀ እንተወው። በመጨረሻ የስክሪኑን ገመድ የሰካው አዲሱ ካርድ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ባለው አሮጌ ቀዳዳ ላይ መሆኑን ራሱ ደረሰበት፤ ነቅሎ አዛወረው፤ ስክሪኑ ወገግ አለ። «አየሽ? ድራይቨሩ ነበር» አላት፣ ዓይኗን ሳያይ።

እውነት ለመናገር፣ ሲሠራ ደስ ይል ነበር። ብሩሹ እንደ ውሃ ይፈስሳል። ስክሪኑም እንደ ቀድሞው አይወጋትም፤ ቀለሙ ሞቅ ያለ፣ ለስላሳ ሆነላት። አዲስ ካርድ እንዲህ ነው ብላ አልተጠራጠረችም። ክረምቱን ሙሉ ሠራችበት። ላሟን ቡናማ አደረገቻት፣ ወተቷን ነጭ፣ ያሳደገቻትን ትንሽ ልጅ ጉንጯን ቀላ አድርጋ ሳለቻት። ለአሳታሚው ልካ ተገላገለች።

የመጽሐፉ አርታኢ የሙከራው ኅትመት ሲደርስ ቢሮ ጠራቻት። ጠረጴዛው ላይ ገጾቹን አንድ በአንድ ዘረጋች።

«ይኼ ምንድነው እህቴ?» አለች።

ሠዓሊዋ አየች። ላሟ ሰማያዊ ናት። ጥርት ያለ ሰማያዊ እንኳ አይደለም፤ እንደ አመድ፣ እንደ በረዶ ያለ ሰማያዊ። ወተቱም ሰማያዊ ነው። የልጅቷ ፊት ወንዝ ውስጥ ያደረ ይመስላል።

«ማተሚያ ቤቱ ነው…» አለች ድምፅዋ እየሰለለ።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። በኔ ኮምፒውተር ከፍተን አየነው፤ ያው ነው። በጸሐፊዋም አየነው። ሁላችንም ሰማያዊ ነው የሚታየን።» አርታኢዋ ደግ ሰው ናት፤ ቀጥላ የተናገረችው ግን ቢላዋ ነበር። «ላንቺ ምን ሆኖ ነው የሚታይሽ?»

እስከ ሳምንቱ መጨረሻ አስተካክላ እንድታመጣ፣ ካልሆነ ሥራው ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ተነጋግረው ተለያዩ። ቤት ገብታ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ላሟ ቡናማ ናት። ወረቀቱን ከስክሪኑ ጎን አስጠግታ ያዘች። ወረቀቱ ላይ ሰማያዊ፣ ስክሪኑ ላይ ቡናማ። ሰው ሁሉ በየስክሪኑ ሰማያዊ ሲያይ ቡናማ የምታየው እሷ ብቻ ናት። እንግዲህ የሠዓሊ ዓይን ቀለም መለየት ካቆመ ምን ይቀረዋል?

ለማንም አልተናገረችም። ለሐሙስ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ያዘች። እስከዚያው ወጥ ቤት ገብታ እናቷን፣ «እማዬ፣ ይኼ ቲማቲም ቀይ ነው?» ትላለች። እናትየው ቲማቲሙን አገላብጠው ያዩና፣ «ልጄ፣ ሊበላ ደርሷል ለማለት ነው?» ይላሉ። የአባቷን ሹራብ አረንጓዴ ነው አይደል ብላ ትጠይቃለች። አባቷም «ሲገዛ አረንጓዴ ነበር» ይላሉ፤ ይህ መልስ እንደማያጽናና ማን ይንገራቸው?

ሐሙስ ሳይደርስ፣ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ሊቀ ድራይቨር። በእረፍቱ ቀን «አፕዴት አለ» ብሎ መጣ። ክፍሏ ሲገባ መጀመሪያ ያየው አልጋው ላይ የተበተኑትን ገጾች ነው።

«ውይ! ይቺ ላም ብርድ ገደላት እኮ!» ብሎ ሳቀ።

እህቱ አልሳቀችም። ግድግዳውን እያየች ታለቅስ ነበር። ሊቁ እህቱ ስታለቅስ አይቶ አያውቅም፤ ልጅ ሳሉ እንኳ አስለቃሹ እሷ፣ አልቃሹ እሱ ነበር። ቦርሳውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

«ዓይኔ ነው» አለችው። «ለማንም እንዳትናገር። ዓይኔ ሊጠፋ ነው መሰለኝ።»

ሰማት። ወረቀቱን አነሣ፣ ስክሪኑን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ።

«እታለም፣ እኔም እኮ ስክሪኑ ላይ ቡናማ ነው የማየው» አለ።

«ልታጽናናኝ ነው?»

«እኔ ማጽናናት የት አውቃለሁ!»

ይህ እውነት ነበርና ቀና አለች። እሱ ግን ተቀምጧል። «ድራይቨሩ ነው» አለ፤ ግን እንደ ወትሮው በሙሉ አፉ አልነበረም። ድራይቨሩን አነሣው። ስክሪኑ ጠቆረ፤ መቼም ሥርዓቱ ነው። በነጫጭ ፊደላቱ ውስጥ ገብቶ ሌላ ድራይቨር ተከለ። መልሶ ተከፈተ፤ ላሟ ያው ቡናማ። ገመዱን ለወጠ፤ ቡናማ። የአባቱን ስክሪን ከነአቧራው ተሸክሞ አምጥቶ ሰካ፤ ቡናማ። «ይኼማ ቀላል ነው» አላለም። ይህ ለቤቱ አዲስ ስለሆነ እናትየው በሩ ላይ ቆመው «አሞሃል እንዴ?» አሉት።

ከዚያ አንድ ነገር አሰበ። እዚያው ኮምፒውተር ላይ አዲስ ተጠቃሚ ከፈተ፤ ማንም ያልነካካው፣ ምንም ያልተስተካከለለት። በዚያ ገብቶ ያንኑ ሥዕል ከፈተው። ላሟ ሰማያዊ ሆና ብቅ አለች። እህቱ አጎንብሳ የወደቀ ገጽ ታነሣ ስለነበር አላየችም። ሊቁ ቶሎ ዘጋው። ካርዱ ደህና ነው። ድራይቨሩም ደህና ነው። ማተሚያውም፣ ዓይኗም። ችግሩ ያለው በእሷ ስም በተከፈተው የተጠቃሚ ገጽ ሴቲንግ፣ ማለትም ማስተካከያ ውስጥ ነው። እዚያ ሴቲንግ ውስጥ ደግሞ በሕይወት ዘመኑ ከእሱ በቀር እጁን የከተተ የለም።

ወደ እሷ ገጽ ተመልሶ የስክሪኑን ሴቲንግ ከፈተ። «የምሽት ብርሃን» የሚል አለ፤ ሲመሽ ስክሪኑን ወደ ቢጫ የሚያዞር፣ ዓይን እንዳይደክም። በርቷል። «ሁልጊዜ» ይላል። ሊቀ ድራይቨር ሦስቱም ቃላቱ ጠፉበት።

ጣቱን ሰነዘረና አጠፋው።

ስክሪኑ ባንዴ ፈካ። ላሟ፣ እህቱ ፊት፣ ከቡናማ ወደ ሰማያዊ ተገለበጠች። ወተቱ ሰማያዊ፣ ልጅቷም ሰማያዊ። ክረምቱን ሙሉ ቢጫ መነጽር አድርጋ ስትስል ኖራለች፤ ቢጫውን ለማሸነፍ ሰማያዊ ስትጨምር፣ ስትጨምር።

«ሰማያዊ ናት!» ብላ ጮኸች። «አየኋት! አየኋት እኮ! ሰማያዊ ናት!»

እናትየው ማማሰያ እንደያዙ ሮጡ። አባትየው በካልሲያቸው ደረሱ። ልጃቸው ክፍሉ መሐል እየዘለለች የተበላሸች ላም በጣቷ እያሳየች ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። የብዙ ወር ድካሟ ከንቱ መሆኑን እንዲህ በእልልታ የተቀበለ ሠዓሊ ከእሷ በፊት አልነበረም።

«ምን ሆና ነው?» አሉ አባትየው።

«ላም አየች» አሉ እናትየው፣ ማማሰያውን ወደ ደረታቸው አስጠግተው።

ስትረጋጋ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ማነው ያበራው?»

ሊቁ የቁልፍ ሰሌዳውን ያያል። እዚህ ላይ «ድራይቨሩ ነው» ይላል ብለን ሁላችንም ጠብቀን ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ። «ካርዱን የገጠምኩልሽ ዕለት… ዓይንሽን ታሺ ነበር። በየደቂቃው። ስታወሪም ታሺያለሽ፣ ስትስቂም ታሺያለሽ። ቀልቶ ነበር። ማታ ማታ ብቻ ባደርገው፣ አንቺ ቀኑን ሙሉ ነው የምትቀመጪው። ብነግርሽ ደግሞ ‹አትንካብኝ› ብለሽ ታጠፊዋለሽ። ቢጫው ያሳርፍሻል ብዬ ነው።»

እናትየው የልጃቸውን ዓይን ያን ጊዜ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ትኩር ብለው አዩት። በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ፣ በአንድ ማዕድ ይበላሉ፤ አንዳቸውም አላዩም። እሷም ራሷ ዓይኗን እንደምታሽ አታውቅም ነበር። ያየው ቤቱን ለማፍረስ የሚመጣው እሱ ነው።

ልትሰድበው አፏን ከፍታ ነበር፤ ቆይታ ዘጋችው። «አሁን ምን ይሻላል?» አለች።

«ይኼማ ቀላል ነው» አለ። ሁሉም ደነገጡ። ግን በዚህኛው ጊዜ፣ የዓለም ፍጻሜ ቀርቦ ነው መሰል፣ በእርግጥም ቀላል ነበር። ስክሪኑ ያስመሰለላትን ቢጫ ያህል ልክ ለክቶ ሥዕሎቹ ውስጥ ራሳቸው ቀለም አድርጎ ጨመረው፤ ዓይኗ ሲያየው የኖረውን ወረቀቱም እንዲያየው። አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈ፤ ገጾቹ ሁሉ በተራ ተሰልፈው አለፉ። ላሟ ቡናማ ሆነች። ሠፈር ካለው ማተሚያ አውጥተው በፀሐይ አዩት፤ ቡናማ። እናትየውን ጠየቁ፤ ቡናማ። አባትየውም ሹራባቸውን ሳይጠቅሱ ቡናማ አሉ። ከሐሙሱ የሐኪም ቀጠሮ ግን ወንድሟ እንድትቀር አልፈቀደላትም፤ ሄደች። ዓይኗ ደህና ነው፤ የጎደለው እረፍት ብቻ ነው አሏት።

አርታኢዋ ገጾቹን ስታይ አንገቷን ነቀነቀች፣ ፈገግም አለች። «አንዷን ብቻ፣ ያቺ ላሟ ለብቻዋ መንገድ ላይ የምትቆምበትን፣ ሰማያዊ እንተዋት። ጠፍታለቻ፤ ይበርዳታል» አለች። መጽሐፉ ወጣ። ሊቁ ከዚያ ወዲህ ሰው ባገኘ ቁጥር «መጽሐፋችን» ይላል፤ ሊፍት ሲጠግን እንኳ ለተሳፋሪ ያወራል አሉ፤ ተሳፋሪውም እንዳይዘጋበት ብሎ እሺ ይላል።

በአንድ ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዱ ቦርሳውን አንግቶ መጣ። እህቱ ሥራ ላይ ነበረች። ሁሉም ነገር ይሠራል።

«ምንም የሚያስቸግርሽ ነገር የለም?» አላት በሩን ተደግፎ።

«የለም።»

«ስክሪኑስ?»

«ደህና ነው።»

«ድምፁ?»

«ደህና።»

ሊቁ የቦርሳውን ማንገቻ ሲያስተካክል ቆየ፣ መስኮቱን አየ፣ የጎረቤቱን የታጠበ ልብስ አየ። ሻይ ይጠጣ እንደሆነ ብትጠይቀው «አይ፣ ልሂድ እንግዲህ» አለ። ፊቱን አየችው። ሥራዋን ሁሉ ሌላ ቦታ ገልብጣ ማስቀመጧን በልቧ አረጋገጠች፤ ሞኝ አይደለችም።

«ግን» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ፣ «አንዳንዴ ትንሽ ብልጭ፣ ብልጭ ይላል።»

ነጭ ውሸት ነበር። ሊቁ ቦርሳውን ጣለ። «ይኼማ…» ብሎ ቃሉን ሳይጨርስ ወንበሯን ያዘ። ለምሳ ሳይጠሩ ስክሪኑ ጠቆረ። እሷም ሌላ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ጥቁሩ መስተዋት ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ይታያሉ፤ እሱ አጎንብሶ ይጽፋል፣ እሷ ጉንጯን በመዳፏ ይዛ ታየዋለች።

«ዓይንሽን አትሺ» አላት፣ ወደ እሷ ሳይዞር።